የስታፋው ጫፍ

የካቲት 7 ቀን 2017 ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ግድም፣ አሰላ ባደርኩበት ክፍል ብርጭቆው ከጆጉ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ጀመር። መሬቱ የተናጠው ወደ ፈንታሌ ተራራ ማዶ ነው፤ በሬክተር 6።

ጠዋት ከማደሪያዬ ፊት ለፊት ባለው ጅምር ፎቅ ሥር አንድ ፌራዮ ጎንበስ ብሎ ስታፋ ያጥፋል። ስለ ማታው ጠየቅኩት።

«ልጆቼን ታቅፌ ሜዳ ላይ ነው ያደርኩት፣ ጋሼ። ቤቱን የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ግን አላመንኩትም።»

ስታፋ የኮለኑን ፌሮዎች እንደ መቀነት ዙሪያቸውን የሚያስር ቀጭን ብረት ነው። ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ ንቅናቄው የውጪውን ኮንክሪት ሲያራግፈው ይፈታል፤ በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ከገባ ግን አይለቅም። የፌራዮው ሁሉ 90 ነው።

አሰላ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ፣ በጭላሎ ግርጌ ነው። ቁልቁል ዝዋይና ላንጋኖ፣ በመካከል የወንጂ የመሬት ስንጥቆች አሉ። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በ1953 ደግሞ ከካራ ቆሬ የተነሳው ማጀቴን አፈረሳት። ይህን ሁሉ አሰባስበው በመጽሐፍ ያኖሩልን፣ አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዊን ናቸው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። መንቀጥቀጥን የሚመለከተው የሕንፃ ኮድም እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በ2015 ታድሷል። እውቀቱ አለን፤ ፌሮ የሚያጥፈው እጅ ዘንድ ግን አልደረሰም።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ስታፋ ቆጥሮ የሚያይ ተቆጣጣሪ አለ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «በደብዳቤ ይምጣ» አሉኝ። ደብዳቤውን አስገባሁ፤ መልስ የለም።

በ1997 የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሶማሊያን ሲመታ፣ እኛ ባሕር ስለሌለን የሌላ ሰው ጣጣ መስሎን ነበር። በ2017 ግን በአፋርና በፈንታሌ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ሲለቅ፣ በአቅራቢያው ግማሽ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የከሰም ግድብ ነበር።

ፌራዮው ካጠፋቸው ስታፋዎች አንዱን አንስቶ፣ እንዳሳየሁት ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋው።

«ይቺ ብቻ? ስንዝር እንኳ አትሞላም እኮ። ማንም አልነገረኝም፣ ጋሼ። ማንም።»