የሎሚ ቮድካ በቤት ውስጥ ሲደባለቅ፦ ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ይህ ጽሑፍ በካምፓችን ሬዲዮ የጤና ዝግጅት የቀረበ ንግግር ነው። ዝግጅቱ ያመለጣችሁ እንድታነቡት፣ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም እንድታነቡለት በወረቀት አትመነዋል።

በሠርግ፣ በክርስትና ወይም በልደት ቀን ወጣቶች የሎሚ ወይም የብርቱካን ጣዕም ያለው ቮድካ ይገዙና ከስፕራይት ወይም ከጭማቂ ጋር በጆግ ይደባልቃሉ። «ኮክቴል» ይሉታል። የማትጠጡ ከሆነ እሰየው፤ ለጤና ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን የሚጠጣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና ሁላችሁም ብታውቁት ይጠቅማል።

የሎሚው ጣዕም ምን ይሠራል?

አረቄ ጉሮሮ ያቃጥላል። ያ ማቃጠል «ቀስ በል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የሎሚው ጣዕምና የለስላሳው ስኳር ማስጠንቀቂያውን ይሸፍኑታል እንጂ አልኮሉን አይቀንሱትም። ስለዚህ አረቄ በመለኪያ ቀስ ብሎ የሚጠጣ ሰው ይህንን በትልቅ ብርጭቆ እንደ ውኃ ይጨልጠዋል።

ቁጥሩን እንመልከት። ብዙውን ጊዜ ቮድካ ከመቶ 40 እጅ አልኮል አለው። 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ትንሽ መለኪያ 10 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይይዛል። የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እንግዲህ 25 መለኪያ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ቢጨርሱት ለእያንዳንዳቸው ከ8 መለኪያ በላይ ይደርሳል። ጉበታችን አንዱን መለኪያ ለማስወገድ በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት የጀመረ ሰው ሰውነቱ የሚጸዳው ሊነጋጋ ሲል ነው ማለት ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር ወይም ሎሚ መምጠጥ ይህንን ጊዜ አያሳጥሩትም።

ጠርሙሱ ከየት መጣ?

ከሁሉም የከፋው አደጋ ይህ ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች ትርፍ ለማብዛት ሲሉ ሜታኖል የሚባል ለፋብሪካ ሥራ የሚውል አልኮል በመጠጥ ውስጥ ይጨምራሉ። እዚህ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 በናይሮቢ የድሆች መንደሮች እንዲህ ያለ መጠጥ ከ100 በላይ ሰዎች ገድሏል፤ ዓይናቸው የጠፋም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና በልዩ ልዩ የኬንያ አካባቢዎች በርካታ ሰዎች ሞተዋል። በ2010 ደግሞ በዩጋንዳ ካባሌ አካባቢ ተመሳሳይ እልቂት ደርሷል።

ሜታኖልን በሽታም ሆነ በጣዕም መለየት አይቻልም። በክብሪት አቃጥሎ ማየትም አያስተማምንም። ሎሚ ቢጨመቅበት፣ በለስላሳ ቢቀጠን መርዙ አይጠፋም። በጄሪካን ወይም በውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ «ቮድካ» አትግዙ። ክዳኑ የተከፈተ፣ የቀረጥ ስታምፕ የሌለው ወይም ስታምፑ የተቀደደ ጠርሙስም አትግዙ። ዋጋው ከሱቅ ዋጋ በጣም ካነሰ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጠጥ ለማቅረብ የወሰነ ሰው ምን ያድርግ?

1. በጆግ ወይም በባልዲ አትደባልቁ፤ ስንት እንደጠጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ለእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ መለኪያ ብቻ ለኩ፤ ሳያልቅ አትጨምሩበት።

2. መጀመሪያ ምግብ ይቅረብ። በየመሀሉም ውኃ ይጠጣ። አልኮል ሽንት ያበዛል፤ በዚህ ሙቀት ሰውነትን ያደርቃል።

3. ውኃውና በረዶው ንጹሕ ይሁን። አንዳንዶች «አልኮሉ ጀርሙን ይገድለዋል» ይላሉ። የተቀጠነ ቮድካ የኮሌራን ውኃ አያጸዳም፤ ሎሚውም እንደዚሁ። ሎሚውንም እጃችሁንም በንጹሕ ውኃ እጠቡ።

4. ድብልቁን በፋንታ ወይም በውኃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ሕፃን ልጅ ጭማቂ መስሎት ይጠጣል። ጥቂት ጉንጭ እንኳ የልጅን የደም ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ድግሱ ሲያበቃ የተረፈውን ወዲያው ድፉት።

5. «አፈር ስሆን፣ በሞቴ አንድ ድገም» ማለት ለምግብ ያምራል፤ ለመጠጥ ግን ይቅር። እምቢ ያለ ሰው ምክንያቱን ለመናገር አይገደድም። ለማይጠጡት ሎሚ በስኳር ተበጥብጦ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ይቅረብ፤ ማንም አይሸማቀቅም።

ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ መጠጣት የለባትም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ ይበልጥ ሊጎዳ ስለሚችል አይጠጣ። ለራስ ምታት ብሎ ከመጠጥ ጋር ፓራሲታሞል ማብዛትም ጉበት ይጎዳል። ከጫት በኋላ ለጨብሲ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ምርቃናው ስካሩን ስለሚደብቅበት ከመጠን ያልፋል።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ቢያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ አልፎም እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ማቆሙ መልካም ነው፤ ግን በጤና ባለሙያ እርዳታ ይሁን።

አደጋ ሲደርስ

የሰከረ ሰው ተጠርቶ ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ ተኝቷል ብላችሁ አትተዉት። በጎኑ አስተኙት፤ በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል። አታስታውኩት፣ ቡና አትስጡት፣ ውኃ አትድፉበት። አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ ሌላው ሮጦ እርዳታ ይጥራ።

የሜታኖል ምልክት ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። በማግስቱ የዓይን መደብዘዝ ወይም ጭጋግ የመሰለ ነገር መታየት፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካለ «ስካሩ ነው፣ ይተወኛል» አትበሉ። በፍጥነት ሐኪም ቤት ሂዱ። በጊዜ ከተደረሰ ሕክምና አለው፤ ከዘገየ ግን ዓይንም ነፍስም ይጠፋል። ከተጠጣው የተረፈ ካለ ለሐኪሙ አሳዩት፤ አብረው የጠጡትንም ሁሉ፣ ደህና ነን ቢሉ እንኳ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

«ምን ይሉናል» ብሎ ማፈር ሰው ያስገድላል። ክሊኒክ ስትደርሱ ምን እንደተጠጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተጠጣና ከየት እንደተገዛ በግልጽ ተናገሩ። ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ድግስ ለሚያዘጋጅ ጎረቤታችሁ አስተላልፉ።