አልበራ ያለ የቆየ የቴሌቪዥን መጫወቻ
(በሬዲዮ ከተነገረው)

የዛሬው ንግግራችን ወጣቶችን በዙሪያው ስለሚሰበስበው ስለ ፕሌይስቴሽን ነው። ይኸውም ስለ አዲሱ ሳይሆን፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1994 በጃፓን አገር ለገበያ ስለ ቀረበው ስለ ፊተኛው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ አልበራ ሲል ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ ከመጣሉ በፊት፣ «ይህ ዕቃ የተሠራው ለየትኛው አገር ኤሌክትሪክ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ ከታቹ ወይም ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል።

በጥርባም ሆነ በእንጅባራ፣ በዳንግላም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ለቤት የሚታደለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ 120፣ የጃፓን ደግሞ 100 ቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ አሮጌውን መጫወቻ ለእኅቱ ልጅ ይዞለት ቢመጣ፣ ልጁም በደስታ የሶኬቱን ጥርስ በመለወጫ አስተካክሎ ቢሰካው፣ ዕቃው ጧ ይልና የተቃጠለ ሽታ ሸትቶ ጸጥ ይላል። መለወጫው የጥርሱን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አይለውጥምና። ስጦታ በመጣበት ቀን ሲበላሽ ምን ያህል እንደሚያስለቅስ ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሆኖም ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከደጃፉ አያልፍም። ከግድግዳ የመጣው ኃይል መጀመሪያ የሚገባው ለብቻዋ በተሠራች የኃይል ሰሌዳ ውስጥ ነው። ለአሜሪካ በተሠራችው ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር የሚችለው 200 ቮልት ያህል ሲሆን፣ የእኛ 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ እስከ 310 ይደርሳል። ስለዚህ ካፓሲተሩ ያብጣል ወይም ይፈነዳል፤ ፊውዙም ይቃጠላል፤ ጨዋታውን የሚያስኬደው ዋናው ሰሌዳ ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

እዚህ ላይ አደጋ አለ። ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሰውን ክፉኛ የሚመታ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሠራተኛው በቴስተር ለክቶ ወደ ዜሮ መውረዱን ሳያይ እጁን ማስገባት የለበትም። ሥራው የልጅ ሥራ አይደለም። የተቃጠለውን ፊውዝ በሽቦ ጠምዝዘው የሚያገናኙም አሉ፤ ይህ ቤት ማቃጠያ እንጂ ጥገና አይባልም። ፊውዝ የሚተካው በዚያው አምፔር ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ለ220 ቮልት የተሠራች፣ ከዚያው ሞዴል ጋር የምትስማማ የኃይል ሰሌዳ አግኝቶ መለወጥ ነው። ይህ ካልተገኘ የተቃጠሉትን ዕቃዎች ተክቶ፣ 220ን ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር መጠቀም ነው። መሣሪያው 20 ዋት እንኳ ስለማይፈጅ የ50 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃዋል።

መሣሪያው ለ220 የተሠራ ሆኖ ካልበራ ግን አስቀድሞ ገመዱን መሞከር ነው። ገመዱ ለብዙ ቴፕ ሪከርደር የሚያገለግለው ዓይነት ስለሆነ ከጎረቤት ተውሶ መፈተን ይቻላል።

ከዚህ የሚቀድሙት በ1983 የወጣው ፋሚኮምና በ1988 የወጣው የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ኃይል የሚቀበሉት በውጭ አዳፕተር ነው። በእነዚህ በሁለቱ የአዳፕተሩ መካከለኛ ነጥብ ኔጌቲቭ ነው፤ ዛሬ በገበያ የሚሸጠው አዳፕተር ግን አብዛኛው መካከሉ ፖዘቲቭ ነው። ጫፉ ገጠመ ተብሎ የተሰካ አዳፕተር ስንቱን ገደለው! በውስጣቸው 7805 የሚባል ቮልት አስተካካይ አለ፤ ከእርሱ የሚወጣው 5 ቮልት መሆን አለበት። 5 ቮልቱ ተገኝቶ ምስል ካልመጣ ችግሩ ከካሴቱ ጥርስ ሊሆን ይችላልና፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ እንደገና መሞከር ነው።