‹‹ዶክተር፣ ይሄ ሮቦት ወንድሜን ያስሄደዋል?››



ሰሞኑን ከኮምቦልቻ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ታናሽ ወንድሙ ግንባታ ላይ ሲሰራ ከእንጨት መወጣጫ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል፤ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። 8 ወሩ ነው። ‹‹ዶክተር፣ ቲክቶክ ላይ እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ሮቦት ለብሶ ሲሄድ አየን። የቤት ቦታውን ሸጠን እንግዛለት ብለናል። ምን ትመክረናለህ?›› ይላል። ፈቃዱን ጠይቄ ነው የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ቪዲዮው ውሸት አይደለም። ኤክሶስኬሌተን ይባላል፤ በልብስ ላይ የሚታሰር የብረት እግር ማለት ነው። ዳሌና ጉልበት ላይ ሞተር አለው፣ ጀርባ ላይ ባትሪና ኮምፒውተር። ሰውየው ደረቱን ወደፊት ሲያዘነብል ሴንሰሩ ይረዳና እግሩን ያነሳለታል። ከታወቁት አንዱ ሪዎክ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዶለታል።

አሁን ቪዲዮው ያላሳያችሁን ልንገራችሁ።

👉 ሮቦቱ እግር ያንቀሳቅሳል እንጂ ሚዛን አይጠብቅም። ሚዛኑን የሚጠብቀው ሰውየው ነው፣ በሁለት ክራንች። ስለዚህ ጠንካራ እጅ ይፈልጋል። ሪዎክን የፈለሰፈው እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር ራሱ በ1997 በደረሰበት አደጋ እጅና እግሩ ተጎድቶ ነበር፤ እጁ ክራንች መያዝ ስለማይችል የሰራውን መሣሪያ እሱ ሊጠቀምበት አልቻለም!

👉 ፈቃዱ ገደብ ነበረው። ቤት ውስጥ ለመጠቀም ጉዳቱ ከ7ኛው የደረት አከርካሪ ጀምሮ ወደታች መሆን አለበት፣ የሰለጠነ አጋዥም አብሮ መኖር አለበት። ሲፈቀድ ደረጃ ለመውጣትም አልነበረም።

👉 ዋጋው ሲወጣ 70 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ጥገና፣ መለዋወጫና ስልጠና ሲጨመር ደግሞ አስቡት።

እሺ፣ ‹‹ይሰራል›› የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ባለሙያዎች 10 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሄደ፣ በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደተጓዘ፣ ልቡ ስንት ጊዜ እንደመታ፣ ቆዳው መላጡን፣ መውደቁን ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች በእነዚህ መሣሪያዎች በአማካይ በሰከንድ 0.26 ሜትር እንደሚሄዱ አሳይቷል። በዚህ ፍጥነት 1 ኪሎ ሜትር ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያውም በለሰለሰ ወለል ላይ! የደሴን ዳገትና ኮብልስቶን፣ የኮምቦልቻን የክረምት ጭቃ የምናውቅ እኛ ነን። እዚህ ዊልቸር እንኳ ስንት ይቸገራል።

ታዲያ ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። ቆሞ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። በተሃድሶ ማዕከል፣ በባለሙያ እጅ ለስልጠና ይጠቅማል። ወደፊትም ይቀላል፣ ይረክሳል። ሁሉም ሞተር አይፈልግም፦ በ2015 ተመራማሪዎች ቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰር ስፕሪንግ ብቻ፣ ያለ ባትሪ፣ ጤነኛ ሰው ሲራመድ የሚያወጣውን ጉልበት በ7 ከመቶ ገደማ ቀንሰዋል።

ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ይሄ ሮቦት ነገ በነፃ ቢመጣ እንኳ ጉልበቱ ተኮራምቶ የደረቀ፣ አጥንቱ በጣም የሳሳ ወይም መቀመጫው የቆሰለ ሰው አይለብሰውም። አጥንት ሊሰበር፣ ቁስሉም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ስራ ዛሬ፣ ቤት ውስጥ ነው፦

✅ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚቱን በየቀኑ ቀስ አድርጋችሁ አጥፉ፣ ዘርጉ። አጀማመሩን ፊዚዮቴራፒስት ያሳያችሁ።
✅ ሲተኛ በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት። ዊልቸር ላይ ሲሆን በየ15 እና 30 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ያንሳ። ቀልቶ የማይጠፋ ቦታ ካያችሁ ‹‹ይደርቃል›› ብላችሁ አትጠብቁ።
✅ እጅና ትከሻውን ያጠንክር።
✅ ትኩሳት ወይም የደፈረሰ ሽንት ከመጣ፣ ወይም አንድ እግሩ በድንገት ካበጠ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።
✅ ጉዳቱ ሙሉ ይሁን ከፊል በግልጽ ጠይቁ። የሚጠበቀው ለውጥ በዚህ ይወሰናል።

ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ደሴ ላይ የአካል ድጋፍና ተሃድሶ ማዕከል አለ። የእግር ድጋፍ፣ ክራንች፣ ዊልቸር ከሰውየው ጋር እየተለካ የሚሰጥበት ነው። የእግር ድጋፉን አትናቁት፤ ሞተር የሌለው የሮቦቱ ታላቅ ወንድም ነው። ስንቱን ሰው ወደ ስራው መልሷል!

ለጠያቂዬ ወንድሜ የመለስኩለት ይሄንን ነው፦ አብሽር፣ ቦታውን አትሽጡ። ካላችሁ ብር ጥሩ ዊልቸርና ትራስ ግዙ፣ የቤቱን በር አስፉ፣ መወጣጫውን አስተካክሉ፣ ከተረፈ ተቀምጦ የሚሰራው ስራ ክፈቱለት። ልጁ የሚፈልገውንም ራሱን ጠይቁት። በመልእክቱ ውስጥ የሁሉም ሀሳብ ነበር፣ የሱ ብቻ አልነበረም።

ማግስቱን መለሰልኝ፦ ‹‹ጠየቅነው ዶክተር። ሞባይል ጥገና መማር እፈልጋለሁ አለ።››

ተመሳሳይ ችግር ያለበት ቤተሰብ ካወቃችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም።