ስለ «ቻለ» ግስ ልዩ ልዩ ፍችና ስለ ውጫሌ ውል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅን ካለፈ በኋላ በአምባሰል ምድር አድርጎ ውጫሌ ይደርሳል። በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለበትን ውል ተፈራረሙ። ከእነዚህም መካከል በ17ኛው አንቀጽ የተጻፈው አንድ ግስ ሁለቱን መንግሥታት እስከ ጦርነት ያደረሰ የጠብ ምክንያት ሆነ። ግሱም አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ በየዕለቱ የሚናገረው «ቻለ» ነው።

«ቻለ» ከግእዙ «ክህለ» ጋራ አንድ ዘር ነው፤ «ከ» ወደ «ቸ» ተለውጧል፣ «ሀ» ደግሞ ተውጦ ቀርቷል። ግእዝ «ከሃሌ ኵሉ» የሚለውን ዐማርኛ «ሁሉን ቻይ» ይላል። «ክሂሎት»ም «ችሎት» ሆኖ ዳኛ የሚያስችልበት ጉባኤ ስም ሆኗል። በኋላ ዘመን ደግሞ የትምህርት ቤት ሰዎች «ክህሎት»ን ለእጅ ሥራና ለሙያ ዕውቀት መልሰው ስላመጡት፣ ቃሉ በአፍም በመጽሐፍም ሁለት ጊዜ ወደ ዐማርኛ ገብቷል ማለት ነው።

የግሱ ፍች እንደ አገባቡ ይለያያል። «ዐረብኛ ይችላል» የተባለ ሰው ቋንቋውን ያውቃል፤ «ጎተራው ሃያ ዳውላ ይችላል» ሲባል ግን ጎተራው የሚያውቀው ነገር የለም፣ የሚይዘውን ልክ መናገር ነው። ከአባቱ ቤት ወጥቶ ጎጆ የቀለሰ ጐልማሳ «ራሱን ቻለ» ይባላል። የድግሱን ወጪ የሸፈነ ሰው «ወጪውን ቻለ»፣ መከራ ደርሶባት ጥርሷን ነክሳ የኖረች ሴት «ቻለችው» ይባልላቸዋል። ሐዘንተኛን «እግዚአብሔር ያስችልህ» የሚሉትም በዚሁ ፍች ነው፤ ችሎታ እንዲሰጠው መመኘት አይደለም፣ ሐዘኑ እንዳይጥለው መለመን ነው እንጂ። የተቈጣውን ሰው «ቻል አድርገው» ብለው ያበርዱታል፤ ጎረቤታሞችም ተቻችለው ይኖራሉ። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው የሸክም አሳብ ይመስላል፤ ጎተራው እህሉን፣ ሰውየው ቋንቋውን፣ ሴትዮዋ መከራዋን ተሸክመው አልወደቁም።

አሉታው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። «በዚህ ማለፍ አይቻልም» የሚል ሰው ወንዙ ሞልቶ እንደ ሆነ ወይም ዘበኛ ከልክሎ እንደ ሆነ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። አለመቻልና መከልከል በአንድ ቃል ስለሚነገሩ፣ «ይቻላል» የሚለው አዎንታም መንገዱ ክፍት መሆኑንና መፈቀዱን በአንድነት ይገልጻል።

በ17ኛው አንቀጽ የዐማርኛ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ተብሏል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «መላላክ» ነው፤ ንጉሡ የሚታወቁት «አቸው» በምትለው ቅጥያ፣ መንገዱ እንደ ተከፈተላቸው ሰው ሆነው ነው። መላላክ የሚቻለው ሰው አለመላላክም ይችላል። ግዴታ ቢፈለግ ኖሮ ዐማርኛ «አለባቸው» ወይም «ይገባቸዋል» የሚሉ ቃላት አሉት። «ወጪውን ቻለ» በሚለው ውስጥ የግዴታ ሸክም ይገኛል ተብሎ ይከራከሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ፍች ግሱ «ወጪውን»፣ «መከራውን» እንደሚሉ ያለ ተሳቢ ስም ሲያስከትል ብቻ የሚመጣ ነው። «ተቻለ» ከአርእስት ጋራ ሲነገር ሸክም አይጭንም። ስለዚህ የፍቹ ብዛት ለስሕተት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ አገባቡ ፍቹን ለይቶታልና።

የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም እንደ ተስማሙ ይናገራል። «ኮንሴንቴ» የሚለው ቃል በራሱ ግዴታ ማለት ባይሆንም፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ስምምነት ኋላ ያስራል ተብሎ ተተረጐመ፤ የሮማ መንግሥትም በጥቅምት 1882 ዓ. ም. አንቀጹን ለኃያላን መንግሥታት አስታውቆ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር እንደ ሆነች አስቈጠረ። የሚያስደንቀው፣ 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ፣ እኩልም ይታመናሉ የሚል መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሊሽረው አልቻለም።

ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ. ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ የሁለቱ ቋንቋዎች ቃል እንዳልተስማማ አስታወቁ፤ በየካቲት 1885 ዓ. ም. ውሉን አፈረሱ። አንቶኔሊ ልዩነቱን ምን ያህል ያውቅ ነበር የሚለውን ጥያቄ ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂሊዮ በ1964 እና በ1965 እ. ኤ. አ. በጽሑፍ ተከራክረውበታል። የአንቶኔሊን ልብ ለማወቅ የታሪክ ሰነድ ያስፈልጋል፤ የ«ይቻላቸዋል»ን ፍች ለማወቅ ግን የአምባሰል ገበሬ አነጋገር ይበቃል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ጦርነት ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት አጸና። ይህኛው ውል የተጻፈው በዐማርኛና በፈረንሳይኛ ነው።