ዋግና የባሌ ጦጣ

ሱሉልታ ላይ ስንዴ የዘራ ሰው ማሳው ቢጫ ሲሆንበት «ዋግ መታው» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር እበሽቃለሁ። ውርጭ ይመታል፣ በረዶ ይመታል። ዋግ ግን ይበላል፤ ሕይወት ያለው ፈንገስ ነው።

ባለፈው መኸር አንድ ማሳ ዳር ቆሜ ቅጠሉን በአውራ ጣቴ አሸት አደረግሁት። በቅጠሉ ጅማት ልክ ተሰልፈው የነበሩት ቢጫ ነጠብጣቦች ፈረጡና ጣቴ እርድ የነካ መሰለ። ያ ዱቄት የፈንገሱ ዘር ነው። ጤዛ ያረፈበት ቅጠል ላይ ሲወድቅ ይበቅልና ቅጠሉ በሚተነፍስባት ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ ሕዋሱን ሳይገድል ይመጠምጠዋል። «ሳይገድል» ያልኩት አውቄ ነው። ዋጉ ጭድ ውስጥ ይከርማል ብሎ ጭዱን ያቃጠለ ገበሬ አውቃለሁ፤ ያተረፈው የከብቶቹን ረሃብ ነው። ቢጫ ዋግ የሞተ ተክል አይበላም። ስንዴው ሲደርቅ እሱም ያልቅለታል። የሚያከርመው ሳይዘራ በየጥጉ የበቀለ ስንዴና የበጋ መስኖ ነው።

እንዲህ አንድ ሣር ላይ የሙጥኝ ያለ ሌላ ፍጡር የባሌ ጦጣ ናት። ሰበታ አጠገብ መናገሻ ሱባ ደን ደርሰው የመጡ ወዳጆቼ «አየናት!» ይሉኛል። ያዩት ጉሬዛ ነው። የባሌ ጦጣ ከባሌ፣ ከሲዳማና ከጉጂ ደጋ ውጭ የትም የለችም፤ ለመጥፋትም ተጋላጭ ናት። ኦዶቡሉ ደን ውስጥ በተደረገ ጥናት ከምግቧ ሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ቀርከሃ፣ በተለይም ለጋ ቅጠሉ ነው። ቀርከሃና ስንዴ ደግሞ ሁለቱም የሣር ወገን ናቸው።

ዋግ ግን ምግቡ ሲያልቅ ነፋስ ተሳፍሮ ድንበር ይሻገራል። ጦጣዋ ቀርከሃው ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን የምትሳፈረው የላትም። ደኑ በተቆራረጠበት በሲዳማ በኩል ያገኘችውን ቅጠልና ፍሬ መልመድ ግድ ሆኖባታል።

እኛ ደግሞ ለዋጉ ማዕድ እናሰፋለታለን። እ.ኤ.አ. በ2010 ቁብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በቢጫ ዋግ ተበላ። ቢጫውን ይችላል ተብሎ በብዛት የተዘራው ዲገሉ፣ በ2013 በባሌና በአርሲ በሌላ ዓይነት ዋግ፣ በግንድ ዋግ አለቀ። ጥፋቱ የዝርያው ብቻ አይደለም፤ አገር ሙሉ አንድ ዝርያ መዝራቱ ነው።

የሱሉልታና የቡራዩ ገበሬዎች ሆይ፣ ዝርያ ቀላቅላችሁ ዝሩ። ቢጫውን ዱቄት ጣታችሁ ላይ ባያችሁበት ቀን የግብርና ባለሙያውን ጥሩ። ማሳው ሁሉ እርድ ከመሰለ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።