«የልደት አበባ»፦ የስያሜ አመራረጥ

በምዕራባውያን ዘንድ ለያንዳንዱ የልደት ወር አበባ ይመደብለታል። ልማዱ የሚዛመደው፣ ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም የወጣው «የአበቦች ቋንቋ» የተባለው መጽሐፍ በ1819 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በፓሪስ ከታተመ ወዲህ ከተስፋፋው ለአበባ ትርጉም የመስጠት ፈሊጥ ጋር ነው።

ስያሜው ቃል በቃል «የወር አበባ» ተብሎ ቢተረጐም ግን፣ ሐረጉ በአማርኛ የሴቶችን ወርኃዊ ደም የሚያመለክት ስለ ሆነ አንባቢ ይሳሳታል። «የልደት ወር አበባ» ቢባልም ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ስለሚገኙ ችግሩ ፈጽሞ አይወገድም። ስለዚህ «የልደት አበባ» ይመረጣል፤ ወሩን ዐረፍተ ነገሩ ይገልጸዋል።

የወራቱም ስም ጥንቃቄ ያሻዋል። ለሴፕቴምበር ከሚመደቡት አበቦች አንዱ አስተር ነው፤ ስሙም በግሪክኛ «ኮከብ» ማለት ነው። ወሩ «መስከረም» ተብሎ ቢተረጐም አንባቢ የሚያስበው የክረምትን ማለፍ የሚያበሥረውን ዐደይ አበባን ነው፤ የሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናትም የሚውሉት በነሐሴና በጳጉሜን ነው። ስለሆነም «ሴፕቴምበር» እንዳለ ይጻፍ።