ሐዘንተኛው ያልቅስ፣ ወረቀቱን ጎረቤት ይያዝ

በዚህ ዕትም የምጽፍላችሁ ስለ ወባ ወይም ስለ ውኃ ንጽሕና አይደለም። ሰው ሆስፒታል ውስጥ ሲያርፍ ቤተሰቡን በተግባር እንዴት እንርዳ? የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው።

ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ ስንቱን አብረን ቀብረናል። ድንኳን መጣሉን፣ ንፍሮ መቀቀሉን፣ ገንዘብ ማዋጣቱን ማንም አያስተምረንም። የሚጎድለን ሌላ ነገር ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባወራ ሌሊት ዐረፈ። ሚስቱ መሬት ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። እኔ የቀብር ፈቃዱን እጇ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄድኩ። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ለቀብሩ ደርሶ ነበር፤ ከቀብር መልስ ግን ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቿን ይዛ መጣችና «ወንድሜ፣ ባሌ መሞቱን የሚመሰክርልኝ ወረቀት አጣሁ» አለችኝ። ማኒፌስቱ ላይ ባሏ አሁንም በሕይወት አለ፤ በዚህ ምክንያት ኬዟ ቆሟል። የሆስፒታሉ መዝገብ ተፈልጎ፣ ምስክር ተቆጥሮ ጉዳዩ እስኪስተካከል ወራት ፈጀ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ወረቀት መያዝ የሚችል ሌላ ሰው መፈለግ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

መርዶው

ለሚስት ወይም ለእናት በስልክ አትንገሩ። ሁለት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቤቷ ሄደው፣ አስቀምጠው ይንገሯት። በአገራችን ልማድ መርዶ እስከ ማለዳ ይቆያል፤ በቱርካና ሙቀት ግን አስከሬን ብዙ ስለማይቆይ አታዘግዩት። አገር ቤት ላሉት ዘመዶች ማን እንደሚደውል ተስማሙ። አንዱ ሳያውቅ ለእናቱ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንዳይላት ተጠንቀቁ።

አንድ ሰው መድቡ

ከእድሩ ወይም ከጎረቤት፣ ማንበብ የሚችልና የሚታመን አንድ ሰው ይመረጥ። የእሱ ለቅሶ ወረቀቱን መከታተል ነው። የሟቹን ማኒፌስትና መታወቂያ ይዞ ሆስፒታል ይምጣና የሚከተሉትን ይፈጽም፦

1. በኬንያ ሕግ ሆስፒታል ውስጥ የሞተን ሰው የሚያሳውቀው ሆስፒታሉ ነው፤ ቅጹ ዲ 1 ይባላል። ቤተሰቡ የቀብር ፈቃድ ይቀበላል፤ ያለ እሱ መቅበር አይፈቀድም። ቤት ውስጥ ያረፈ ሰው ከሆነ ለረዳት ቺፍ ይነገራል፤ የዚያ ቅጽ ዲ 2 ነው።

2. ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ስሙን ፊደል በፊደል ከማኒፌስቱ ጋር ያመሳክር። አንድ ፊደል ከተለየ አንዱ ሰው ኋላ እንደ ሁለት ሰው ይታያል።

3. ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ያድርግ፣ በስልክም ያንሳው። ዋናው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

4. ከቀብር በኋላ በቀብር ፈቃዱ አማካይነት ከሲቪል ምዝገባ ቢሮ የሞት ምስክር ወረቀት ይጠየቅ። ሞቱ ሳይመዘገብ ስድስት ወር ካለፈ እንደዘገየ ስለሚቆጠር ጣጣው ይበዛል።

5. ሞቱ ለዩኤንኤችሲአርና ለመንግሥት የስደተኞች ቢሮ ይነገር።

ይህን አምስተኛውን ራሽን ይቀነሳል ብለው የሚደብቁ አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሟቹ ድርሻ ይቀራል። ነገር ግን ሞቱ ካልተነገረ ሚስቲቱ ባል እንዳላት፣ ልጆቹም አባት እንዳላቸው ሆነው ይቀራሉ። ለኬዝ፣ ለልጅ አሳዳጊነት፣ አገር ቤት ላለ ውርስ የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው። የጥቂት ወራት እህል ይህን አይተካም።

በሽተኛው ወደ ሎድዋር ተልኮ እዚያ ካረፈ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ መኪናውና ስለ ክፍያው ሳትነሡ ጠይቁ፤ ወረቀቱም ከአስከሬኑ ጋር ይምጣ። ለአንድ ፊርማ ተመልሶ መሄድ ለሐዘንተኛ ከባድ ነው።

ገነዛና ቀብር

ሙስሊም ወገኖቻችን ቶሎ ይቀብራሉ፤ ኦርቶዶክሶች ገነዛና ፍትሐት አላቸው። ምን እንደሚፈልጉ ለነርሷ ቀድማችሁ ንገሯት። ሟቹ በኮሌራ ያረፈ ከሆነ ግን አስከሬኑን ቤት ወስዳችሁ አትጠቡ። ጓንት ያደረጉ ሠራተኞች በክሎሪን ያዘጋጁታል፤ ካህኑ ወይም ሼኹ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጸልያል። በለቅሶ ቤት በር ላይ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ፤ እጅ ሳይታጠብ ንፍሮ አይታደል። በሽታው ከአንድ ቀብር ወደ ብዙ ቤት የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ለቅሶ ቤት ውስጥ

የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሐዘንተኛ መድኃኒቱን ይረሳል። ሰው ፊት አትጠይቁት፤ ለብቻ ጠርታችሁ በቀስታ አስታውሱት። ውኃ ስጡት። የምታጠባ እናት ካለች ምግብ አቅርቡላት፣ ጡት እንዳታስጥልም አበርቷት። «እኔም ልሙት» የሚለው ከለቅሶ አልፎ ከበረታ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ክሊኒክ አምጡት።

ድንኳኑ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። ወረቀት እንዲይዝ የተመደበው ግን ከአርባው በኋላም ብቅ ይበል፤ የሞት ምስክር ወረቀቱ መውጣቱን፣ ማኒፌስቱ መስተካከሉን ይጠይቅ። እናንተም በየብሎካችሁ ሰው ሳይሞት አንድ እንዲህ ያለ ሰው ምረጡ።

ለሞቱት ነፍስ ይማር፤ ለቀሩት መጽናናትን ይስጥልን።